ታይኛ ምን ይሠራልሻል?

ፌብሯሪ 24፣ ሰኞ

ጾሙ ዛሬ ገባ፤ እኔም ይህን ደብተር ዛሬ ጀመርኩ። ለሰው የማልናገረው ነገር በዝቶብኛል።

እማዬ ሰኞና ረቡዕ ማታ የፋርማሲ ረዳትነት ኮርስ የምከታተል ይመስላታል። የምማረው ታይኛ ነው። በተመረቅኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ምድር ቤት ባለች መስኮት የሌላት ክፍል፣ ከስምንት ሰዎች ጋር። መጀመሪያ የገባሁት ለዲግሪው አንድ የቋንቋ ኮርስ ጎድሎኝ ነበር። ዲግሪው አለቀ፤ እኔ ግን ከክፍሉ አልወጣሁም።

መምህራችን አጃን ማሊ ይባላሉ። «አጃን» በነሱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ማለት ነው፤ ያለሱ ስማቸው አይጠራም። በእንግሊዝኛ ሳወራቸው «ዩ» እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንቱ ናቸው። ዛሬ ትምህርቱ ሲያልቅ ነገሩን አፈረጡት። በታዮች አገር፣ ቺያንግ ማይ ከተማ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከኛ ክፍል አንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት ይወስዳል፤ ከኦገስት ጀምሮ፣ ማደሪያውም ትምህርቱም በነሱ። ለምርጫው የሚታየው የቃል ፈተናው፣ የሳቸው ደብዳቤና በኤፕሪል በሚከበረው አዲስ ዓመታቸው፣ በሶንግክራን፣ ላይ የምናደርገው ተሳትፎ ነው።

እጄ ሳላዘው ወጣ። ሌላው የወጣ እጅ የሊዮ ነው። የሊዮ አያት ታይ ናቸው፤ ልጁ አሁን የሚማረው በሕፃንነቱ የተባበለበትን ቋንቋ ነው። ይሁን። እኔ ደግሞ እልህ አለኝ።

ፌብሯሪ 26፣ ረቡዕ

መኝታ ቤቴ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳጠና እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው እንደዚያ ዜማ የሚመስለው?»

«የመድኃኒት ስሞች ናቸው።»

«ጮክ ተብሎ ነው የሚጠና?»

«አፍ እንዲለምድ።»

«እ። አፍ እንዲለምድ» አለች ለራሷ ቀስ ብላ፤ ሄደች። ቴሌቪዥኑንም ቀነሰችልኝ። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ፌብሯሪ 27፣ ሐሙስ

ጋሼ አስማማው እንደ ሐሙስ ልማዳቸው ደወሉ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስፖንሰር አድርገው ወደዚህ አገር ያመጡን እሳቸው ናቸው። እኛ ብንረሳው እሳቸው አይረሱትም። እማዬ ስልኩ ሲጠራ አይታ ለኔ ሰጠችኝ። በዚህ ቤት የሚደውል ሁሉ የኔ ነው፤ ባንኩም፣ ቤት አከራዩም፣ ወንድሟም።

«ሐሴትዬ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ የሪሴፕሽን ሥራ አግኝቼልሻለሁ። ሜይ አምስት ትጀምሪያለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ።»

«ካፌ ውስጥ ወተት ማፍላት ነው ሥራ? በባዮሎጂ ዲግሪ?»

«እሱም ቢሆን ባዮሎጂ አይደለም ጋሼ። ስልክ ማንሳት ነው።»

«እሱንማ ከልጅነትሽ ለምደሽዋል!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ሰብዌይ ባቡር ውስጥ፣ ቆሜ እየጻፍኩ። እማዬ ልብስ በምታጥብበት የሆስፒታል ላውንደሪ ሺፍቷን ቀየረች። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አትገባም። ለምን ስላት «ዳንፎርዝ፣ ሐበሻ ሱቅ ጉዳይ አለኝ፤ ሽሮ አልቋል» አለች። ሽሮው ግማሽ ቆርቆሮ አለ፤ ጠዋት አይቼዋለሁ። ከጋሼ ጋር በኔ ጉዳይ መመካከር ጀምረዋል። ይምከሩ።

ማርች 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ክፍሉ ሁሉ ሲጨነቅ እኔ ብቻ ተዝናናሁ። በታይኛ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። የሚበልጥሽ «ፒ» ነው፣ የምትበልጪው «ኖንግ»፣ የእናትሽ እኩያ ደግሞ አክስትሽ ናት፤ አውቶቡስ ላይ ያገኘሻትም ብትሆን። አንዷ «ሳንዛመድ?» አለች። «ዕድሜውን ካላወቅኩስ?» አለ ሌላው። እጄን አወጣሁና «ፊቱን አይተህ ትገምታለህ፤ ከተሳሳትክ ትሰደባለህ» አልኩ።

አጃን ማሊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «የት አገር ነሽ አልሽኝ?»

ካፌ አብራኝ የምትሠራው ፅጌረዳ ምስጢሬን የምታውቅ ብቸኛ ሰው ናት። በየቀኑ አንዴ ትጠይቀኛለች፦ «ግን ታይኛ ምን ይሠራልሻል?» ሰኞ «ለቱሪዝም» አልኳት። ትናንት «ለዲፕሎማሲ»። ዛሬ «ባል ላገባበት ነው» አልኳት። ይሄኛው በቃት፤ እንዲያውም ፎቶ አሳዪኝ አለች።

ማርች 13፣ ሐሙስ

ከሰዓት የእማዬን እንቅርት ልናሳይ ሐኪም ዘንድ ነበርን። አላደገም። በሴፕቴምበር ስፔሻሊስቱ እንደገና ያያታል፤ ቀኑን ደውለው ይነግሩናል።

ሴፕቴምበር። ቦታውን ካገኘሁ ሴፕቴምበር ላይ የት ነኝ?

ዶክተሩ አሁንም የሚያወራው ለኔ ነው። እማዬ መሀላችን ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች። ዛሬ ግን አንዴ እኔ ሳልተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። የገባት ለመምሰል ይሆናል። አንጀቴን በላችው።

ይህን ጽፌው አላውቅም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ከመጣን ገና ዓመት ያልሞላን። ያኔ የነበረው ዶክተር «በመርፌ ናሙና ወስደን ካንሰር አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብን» አለኝ። ለኔ። እማዬ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ትንሽ መርፌ አለ፤ ዕረፍት አድርጊ፣ ውሃ ጠጪ አለሽ» አልኳት። ውጤቱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ያቺን አንድ ቃል ብቻዬን ይዤ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ደህና ሆነ። ግን የዋሸሁት ለሷ ብዬ ነው ወይስ ቃሉን በአማርኛ ማለት ፈርቼ? ዛሬም አላውቅም።

አሁንስ የምዋሻት ለማን ብዬ ነው?

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ያዝኳት! ከሰፈራችን ላይብረሪ ስትወጣ አየኋት፤ ከአንዲት ፊሊፒናዊት የላውንደሪ ጓደኛዋ ጋር፣ ሰማያዊ ፎልደር በብብቷ ይዛ። የኔ ሲቪ መሆን አለበት። ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ ማባዣ ማሽን ያለው እዚያ ነው። ማታ ቁልፍ ስፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ ላጲስ ያለው አዲስ እርሳስ አገኘሁ። እሷና ጋሼ የክሊኒኩን ፎርም ሳይሞሉልኝ አልቀሩም።

በእርሳስ የተሞላ በላጲስ ይጠፋል። አንድም ወረቀት አልፈርምም።

ማርች 23፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የሶንግክራን ጭፈራ ልምምድ፣ በታዮቹ ቤተ መቅደስ አዳራሽ። ክብ ሠርተን እየዞርን እጃችንን እንደ ቅጠል ማጠፍ ነው። ጣቶቼ እሺ አሉኝ፤ ትከሻዬ ግን እንቢ አለ። ከበሮው ሲመታ ብቻውን ይነሳል።

«ሐሴት! ትከሻሽ ይረፍ!»

«አርፏል እኮ አጃን!»

«አላረፈም፣ እያየሁት!»

ሊዮ እየሳቀ በስልኩ ቀረጸኝ። የሚቀመስ ሲቀርብ ሁሉም ነገር ውስጥ ዓሣ አለ፤ በወጡ ውስጥ ባይኖር በጨው ፋንታ የሚያደርጉት መረቅ ውስጥ አለ። ፆመኛ ነኝ ስል አንዲት ሴትዮ ማንጎና በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ አመጡልኝ። ሦስት ሳህን። እንዲህ ያለ የጾም ምግብ እያለ እኛ ምስር ላይ ምን እንሠራለን?

ማርች 26፣ ረቡዕ

አጃን ማሊ ስለ ደብዳቤው ሊያነጋግሩኝ አስቀሩኝ።

«ለምን ታይኛ?»

«ለዓለም አቀፍ የጤና ሥራ፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ እስያ…»

«እሱን ፎርሙ ላይ ጻፊው። ለኔ እውነቱን ንገሪኝ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተናገርኩ። «እንግሊዝኛን የተማርኩት ለሌላ ሰው አፍ ልሆን ነው። በታይኛ የማንም ጉዳይ የለብኝም። ብሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም።»

የክፍሉን መብራት አጥፍተው ስንወጣ ነው የመለሱልኝ። «ይኖራል። እውነተኛ ቋንቋ ከሆነ ይኖራል።»

ማርች 30፣ እሑድ

ይህን የምጽፈው በንዴት ነው።

ሊዮ የቀረጸውን ለጥፎታል። ከሊዮ ተነስቶ በማን በማን በኩል እንደሄደ እግዜር ይወቅ፤ ዳንፎርዝ ደርሶ አንድ ካፌ ውስጥ ለጋሼ አስማማው አሳይተዋቸዋል። ቁጣቸው ሳይበርድ ከቤታቸው ከኢስት ዮርክ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጉት። ሐር አገልድሜ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጋጥሜ እታያለሁ፤ ከኋላዬ የወርቅ ቀለም የተቀባ ቡድሃ።

«ይሄ ፋርማሲ ነው?»

«ታይኛ ነው የምማረው ጋሼ።»

«ታይኛ ምን ይሠራልሻል? በዐቢይ ጾም! ጣዖት ፊት!»

«ፊቱ አይደለሁም። ጀርባዬን ነው የሰጠሁት፤ ደህና አድርገው ይዩት።»

«ተሻለች፣ ትሰሚያታለሽ?» አሉ ወደ እማዬ ዞረው።

እማዬ ስልኩን ተቀብላ ከመጀመሪያው አየችው። ደግማ አየችው። «የመድኃኒት ስም ነው አልሽኝ» አለች። ይችኑ ብቻ።

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቺያንግ ማይን፣ አንዱን ዓመት፣ ክሊኒኩ እንደማልገባ። «ሜይ አምስትም፣ ሜይ ስድስትም አልገባም!» ስል የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ጋሼን በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

እሳቸው ግን አልጮሁም። «መልካም፣ ሂጂ» አሉ። «እናትሽን ማን ያናግርላታል?»

እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ለታይኛው ይቅርታ የለኝም። ለውሸቱ ነበረኝ፤ ሁለቱን መለየት ሲያቅተኝ ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልሽ። ከዚያ ሌላ የለም።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍትና ታንሾካሹካለች። ዳዊት እየደገመች ይሆናል፣ እግዜር ልቤን እንዲመልሰው። በር ላይ ሳልፍ «ሴፕቴምበር» ያለች መሰለኝ። ለስፔሻሊስቱም ትጸልያለች ማለት ነው።

አልመለስም። ጸሎት ከሆነ እኔም እጸልያለሁ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

የቃል ፈተና። አርባ ደቂቃ። አጃን ማሊና አንድ የማላውቃቸው ሰውዬ።

«ስለ ቤትሽ ልማድ ንገሪን» ሲሉኝ እጅ ስለ ማስታጠብ አወራሁ፤ ምግብ ሲቀርብ ልጅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ለታላላቆቹ ውሃ እንደሚያፈስ። አጃን ማሊ ፊታቸው በራ። «እኛም በሶንግክራን ለሽማግሌዎች እጅ ላይ ውሃ እናፈሳለን፤ እነሱም ይመርቁናል» አሉ።

የኛም ይመርቃሉ! «እደግ፣ ተመንደግ» የሚለውን በታይኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንደ ቀርከሃ ርዘም» ሆኖ ወጣ። ወደዱት።

የቅዳሜው ልምምድ ስለ ውሃው ነው። እኔ ግን ካፌ ሺፍት አለኝ፤ እቀራለሁ። ውሃ ማፍሰስ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል? ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሳስታጥብ ነው የኖርኩት።

ኤፕሪል 13፣ እሑድ፤ ሆሳዕና

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። እማዬ ቅዳሴው እስኪያልቅ ዘንባባ ስትጎነጉን ነበር። ስንወጣ እጄን ይዛ ቀለበቱን አጠለቀችልኝ። የት እንደምሄድ ታውቃለች። አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም። በዘንባባ ቀለበት ወደ ሶንግክራን ሄድኩ። ጋሼ ባዩኝ ኖሮ አልኩ፤ ደስ አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ በተርታ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን አጋጥመው ጉልበታቸው ላይ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን። ውሃው ላይ የጃስሚን አበባ ተነስንሷል። እኔ ዘግይቼ ስለደረስኩ የሌሎቹን አላየሁም። ከጠረጴዛው ላይ ትልቁን ማንቆርቆሪያ አነሳሁ። ከወጥ ቤቱ ፎጣ ለምኜ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ተንበረከክኩ። ከፊቴ ያሉት የሊዮ አያት ናቸው፣ ዘጠና የሞላቸው።

አፈሰስኩ። እጃቸውን አላሹም። አልበቃቸውም ብዬ ጨመርኩ። አላሹም። ጨመርኩ። ውሃው ሳህኑን ሞልቶ ሐር ቀሚሳቸው ላይ ወረደ፣ ከዚያ ጫማቸው ውስጥ። ግራ ሲገባኝ በአማርኛ «እሺ እማማ፣ ይሹት እንጂ!» አልኩ።

ቀና ስል ያየሁትን አልረሳውም፤ ከጎኔ ሊዮ በጣት የምትያዝ ትንሽ የብር ጽዋ ይዟል፤ ከሷ ሦስት አራት ጠብታ። ለካ የሚፈሰው ያን ያህል ነው።

ልነሳ ስል አሮጊቷ እጃቸውን ማሸት ጀመሩ። ከፊት፣ ከኋላ፣ እስከ አንጓቸው። ጨርሰው ሁለቱንም እጆች ለፎጣው ዘረጉልኝ። አደረቅኩላቸው። «እጄ እንዲህ ቆሽሾ ነበር?» አሉኝ በታይኛ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መረቁኝ፦ ጤና፣ ዕድሜ፣ የማይጎድል ማንቆርቆሪያ።

አጃን ማሊ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ቅዳሜ ለምን ቀረሽ?»

«የማውቀው መስሎኝ።»

«ታውቂዋለሽ። መጠኑን ነው የማታውቂው።»

ሰብዌይ ውስጥ አለቀስኩ። ቦታውን ሊዮ ወሰደው። በአንድ ቅዳሜ ትዕቢት አጠፋሁት። ግን በጠብታ ማስታጠብ አልችልም፤ ያደግኩበት አይደለም።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

ቦታው የኔ ነው!!! ኢሜይሉን አሥር ጊዜ አነበብኩት። እስከ ሃያ አምስት ድረስ መልስ ይፈልጋሉ።

ሊዮ ጽፎልኛል፦ «አያቴ ውሃ የምታፈሰዋን ልጅ ላኳት እያለች ነው። ተናድጃለሁ። እንኳን ደስ አለሽ።»

ለእማዬ አልነገርኳትም። ነገ ስቅለት ነው። ስትሰግድ ልረብሻት?

ምክንያት ነው። አውቃለሁ።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ጋሼ መጡ፣ ዶሮው ተበላ፣ እንኳን አደረሰን ተባባልን። ስለ ቺያንግ ማይ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ጉዳዩ ያለቀለት መስሏቸው ይሆናል። ጋሼ ሲሄዱ «ሜይ አምስት ጥቁር ሱሪ ልበሺ» አሉኝ።

ሁለት መልስ ጽፌ አስቀምጫለሁ። አንዱ እመጣለሁ ይላል፣ ሌላው ይቅርታ። ይቅርታ የሚለው አጠር ያለ፣ ያማረ ሆኖ ወጣ። በጣም ስለተለማመድኩት ነው መሰለኝ። አስጠላኝ።

ጋሼን እችላቸዋለሁ። የማልችለው ያንን የሐኪም ክፍል ነው፤ እማዬ ቦርሳዋን አቅፋ ባዶ ወንበር ስታይ።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ምሳ ልንበላ ስንል ስልኳ ጠራ። የስፔሻሊስቱ ቢሮ ቁጥር ነው። እንደ ሁልጊዜው እጄን ዘረጋሁ።

እማዬ አልሰጠችኝም። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ወንጌል እንደሚነበብላት ሰው ቀጥ ብላ ቆመች፣ አነሳችው።

«ሄሎ። ዪስ። ዚስ ኢዝ ተሻለች ስፒኪንግ።»

የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

«ስሎሊ ፕሊስ።» ከዚያ ስሟን ፊደል በፊደል፣ አንዱንም ሳትዘል። ከቦርሳዋ ያቺን እርሳስ አወጣች። ሰማያዊው ፎልደር ላይ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። «ሴፕቴምበር። ኤይቲን። ቴን ሰርቲ።» ሰውዬው አንድ ነገር ጠየቃት። ግንባሯ ላብ አውጥቷል።

«ኖ» አለች። «ኖ ዶተር። አይ ካም አሎን።» ልጄ የለችም፣ ብቻዬን ነው የምመጣው ማለቷ ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

«እማዬ… ከመቼ ጀምሮ?»

«ማርች ሲገባ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ላይብረሪ። መምህሯ ጮክ ብላችሁ አጥኑ ትላለች።» ፈገግ አለች። «አፍ እንዲለምድ።»

«ያኔ እኮ ስለ ታይኛው አልነገርኩሽም ነበር።»

«መድኃኒት እንደዚያ አይዜምም ሐሴት። የሩቅ አገር ቋንቋ የምታጠና ልጅ ልትሄድ እንደሆነ ለማወቅ ጋሼ አያስፈልጉኝም። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ቆየሽ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ለውሸቱ። ለታይኛው አልጠየቅኩም፤ እሷም አልፈለገችውም።

«በይ አሁን አስታጥቢኝ።»

ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ። ምን እንደመራኝ አላውቅም፣ በሶንግክራኑ ልክ፣ መዳፏ ላይ ሦስት አራት ጠብታ አደረግኩላት።

«ምን ታንጠባጥቢብኛለሽ? ውሃ ጠፋ? አፍስሺው እንጂ!»

አፈሰስኩት። እስከ አንጓዋ አሸችው። ፎጣውን ከትከሻዬ ስታነሳ «እደጊ» አለችኝ፣ በየቀኑ እንደምትለው።

ይቅርታ የሚለውን አጥፍቼ እመጣለሁ የሚለውን ላክሁ። እሷ ጎኔ ቆማ ነበር። ስክሪኑ ላይ የምሄድበትን ቀን እያነበበች «ኦገስት… ፋይቭ» አለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጋሼ አስማማው ይደውላሉ። ይደውሉ። ስልኩ እማዬ ጋ ነው።